ሳይቸኩሉ መሰለፍ፦ በዲ4 የሚጀምረው ተጣጣፊ የቼዝ መክፈቻ

በድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ተጫዋቾች ከጅምሩ ተራ አይጠባበቁም ነበር። ሰሌዳው ሲዘረጋ ሁለቱም በየፊናቸው ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ ሦስት ጊዜ ሲያነሳ ሌላው አምስት ጊዜ ቢያነሳ የሚከለክለው የለም። ዓይን ግን ከባላጋራ እጅ አይነቀልም። ያኛው ፈረሱን ወዲህ ሲያመጣ ይሄኛው ያሰበውን ትቶ ሌላ ያሰናዳል፤ አንዳንዴም ያደረገውን መልሶ በሌላ ይተካዋል። ይህ የመሰለፊያ ጊዜ ወረራ ይባላል። የሚያበቃው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተራ ይገባና ጨዋታው ዛሬ እንደምናውቀው በየአንድ እርምጃው ይቀጥላል።

ሰንጠረዥ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልትና በኋላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የመጣው ዋልተር ፕላውደን ያዩትን ለአገራቸው አንባቢ አቅርበዋል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን ሁሉ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ የማይፈራረቅበት፣ መስመር ብቻ የተሰመረበት ጨርቅ ነበር። ዛሬ ንግሥት በምትቆምበት ቦታ ፈርዝ ይቆማል፤ እሱም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ ጠጠር ነው። መደቅ የሚባለው ወታደር ከመጀመሪያውም ቢሆን ከአንድ ቤት በላይ አይዘልም። በአሸናፊነት ውስጥም የጣዕም ልዩነት ነበረ፤ ንጉሥን በደር (በዛሬው ሩክ) ወይም በፈረስ መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፣ በቢሾፕ ቦታ በሚቆመው ፊልና በመደቆች ትብብር መያዝ ግን ተመልካቹን ያስጨበጭባል።

ስለ ዘመናዊ የቼዝ መክፈቻ በሚናገር ምዕራፍ ላይ ሰንጠረዥን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። በዚህ ምዕራፍ የምንማረው መክፈቻ ከወረራ ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሳል፦ ባላጋራህ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሳታውቅ፣ ሠራዊትህን እንዴት ታሰልፋለህ? የብዙ ጀማሪ መልስ አንድ ነው፤ የሸመደደውን ያወርዳል። ተጣጣፊው መክፈቻ ግን ሌላ መልስ አለው። የትኛውም እቅድ ውስጥ የሚጠቅሙትን እርምጃዎች አስቀድም፣ ወደ አንድ እቅድ የሚያስገቡህን አቆይ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በቼዝ ግን ወታደር ወደ ኋላ ስለማይመለስ ያፈሰሱትን መልቀም እንኳ አይቻልም።

በዚህ መጽሐፍ የሰሌዳውን ቤቶች ተጫዋቾቻችን እንደሚጠሯቸው እንጠራለን። ከነጩ ተጫዋች ግራ ወደ ቀኝ ዓምዶቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ናቸው፤ ረድፎቹ ከነጩ ወደ ጥቁሩ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ስለዚህ ዲ4 ማለት በንግሥቲቱ ዓምድ ከነጩ በኩል አራተኛው ቤት ነው። ነጩ በመጀመሪያው እርምጃ በንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ወደ ዲ4 ሲገፋ የንግሥት ወታደር መክፈቻ ጀመረ እንላለን።

ለምን ይሄኛው ወታደር? ከንጉሡ ፊት ያለውን ወደ ኢ4 የሚገፉ ብዙዎች ናቸው፤ እሱም ጥሩ እርምጃ ነው። ነገር ግን ኢ4 ላይ የወጣው ወታደር ከኋላው ጠባቂ የለውም፤ ጥቁሩ ወዲያው ፈረሱን አውጥቶ ሊያስፈራራው ይችላል፣ ጠቡም በሁለተኛና በሦስተኛ እርምጃ ይጀመራል። ዲ4 ላይ የቆመው ግን ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ንግሥቲቱ ከኋላው ትጠብቀዋለች። ስለዚህ ጥቁሩ ሊያጣድፈው አይችልም፤ ነጩም በእርጋታ የሚሰለፍበት ጊዜ ያገኛል። ይህ ጥበቃ በድሮው ሰንጠረዥ አይገኝም ነበር፤ ፈርዝ ቀጥታ ወደ ፊት ማየት አይችልምና። ንግሥት አሁን ያላትን ጉልበት ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደቡብ አውሮፓ ሕጉ ሲለወጥ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የንጉሡን ወገን ፈረስ ወደ ኤፍ3 ማውጣት ነው። ጥቁሩ ዲ5 ላይ ወታደር ቢገፋም፣ ፈረሱን ወደ ኤፍ6 ቢያወጣም፣ ኢ6 ቢልም ይህ እርምጃ ይሠራል። ፈረሱ ዲ4ን ይደግፋል፤ ኢ5 የሚባለውን ቁልፍ ቤት ይቆጣጠራል፤ ንጉሡ በአጭሩ በኩል ወደ ሩኩ ተጠግቶ እንዲሸሸግ መንገድ ይጠርጋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ያልነካው ነገር ነው። የሲ ወታደር አሁንም ወደ ሲ3 ወይም ወደ ሲ4 መሄድ ይችላል። የኢ ወታደር አልተነካም። የሲ1 ቢሾፕ መንገዱ ክፍት ነው። የጂ ወታደርም ወደ ጂ3 ወጥቶ ለሌላው ቢሾፕ ቦታ ሊያበጅ ይችላል። በሁለት እርምጃ መሃል ሰሌዳን ይዘናል፣ አንድ ፈረስ አውጥተናል፣ ባላጋራችን ግን ከአምስት ጨዋታዎች የትኛውን እንደምንጫወት ገና አያውቅም።

ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ፈረሱ ኤፍ3 ላይ ሲቆም ከኋላው ያለውን የኤፍ ወታደር ያግደዋል። ኤፍ3ን ገፍቶ ኢ4ን በወታደር መደገፍ የሚወዱ ተጫዋቾች ይህን እድል ያጣሉ፤ በተለይ ጥቁሩ ጂ6 ብሎ ቢሾፑን ከጥግ ሲያቆም ይህ እቅድ ጠንካራ ነበር። ለጀማሪና ለመካከለኛ ተጫዋች ግን ልውውጡ ያዋጣል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ እንምጣ። የዚህ መክፈቻ ምሥጢር በአንድ ጠጠር ላይ ነው፤ የሲ1 ቢሾፕ። ነጩ ዲ4ን ከገፋ በኋላ ይህ ቢሾፕ እስከ ኤች6 የሚዘልቅ ክፍት መንገድ አለው። ኢ3ን በገፋን ጊዜ ግን መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው እርምጃ ላይ የምንጠይቀው ይህ ነው፦ ቢሾፑ ከበሩ መዘጋት በፊት ይውጣ ወይስ ውስጥ ይቆይ? ወደ ኤፍ4 ካወጣነው የለንደን አሰላለፍ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 በለንደን ከተደረገው ውድድር ነው። ወደ ጂ5 ካወጣነው በሜክሲኳዊው ካርሎስ ቶሬ ስም ይጠራል። ኢ3ን ቀድመን ቢሾፑን ውስጥ ካቆየነው ደግሞ የቤልጂጉ ኤድጋር ኮል አሰላለፍ ነው፤ በዚህኛው ላይ ቢ3 ተብሎ ቢሾፑ ወደ ቢ2 ሲወጣ የዙከርቶርት ስም ይጨመርበታል። ዙከርቶርት እ.ኤ.አ. በ1886 ከሽታይኒትስ ጋር የመጀመሪያውን ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና የተጫወተው ሰው ነው። አራተኛው መንገድ ሲ4ን ገፍቶ ወደ ንግሥት ጋምቢት መግባት ነው፤ አምስተኛው ሲ4ን ከጂ3 ጋር አጣምሮ የካታላንን ቅርጽ መያዝ።

ቢሾፑን ማውጣት ሁልጊዜ ይሻላል የሚመስለው ሰው ይኖራል። አይደለም። ቢሾፑ ከሲ1 ሲነሳ ቢ2 ላይ ያለው ወታደር ጠባቂውን ያጣል። ጥቁሩ ሲ5ን ገፍቶ ንግሥቱን ወደ ቢ6 ካመጣ ይህን ወታደር ያጠቃል፣ ነጩም ለመከላከል እርምጃ ያባክናል። ቢሾፑ ውስጥ ከቀረ ይህ ጭንቀት የለም፤ ነገር ግን በሩን የሚከፍት እርምጃ፣ ማለትም ኢ3 ላይ የቆመውን ወታደር ወደ ኢ4 መግፋት፣ በኋላ የግድ መምጣት አለበት። ይህን የረሳ ተጫዋች ቢሾፑን እስከ መጨረሻው እቤት አስቀምጦ በአንድ ጠጠር ጎዶሎ ሲዋጋ ይውላል።

ታዲያ የሚወስንልን ማን ነው? ባላጋራችን። ጥቁሩ ኢ6ን ቀድሞ ከገፋ የራሱን የሲ8 ቢሾፕ ዘግቷል፤ ያ ቢሾፕ ወደ ኤፍ5 ወጥቶ የኛን የዲ3 ቢሾፕ ሊጋፋ አይችልምና የኮል አሰላለፍ እጅግ ይመቻል። በተቃራኒው ጥቁሩ ኢ6ን ሳይገፋ ቢሾፑን ወደ ኤፍ5 ካወጣ፣ ሠራዊቱን ለቆ የወጣው ይህ ቢሾፕ ቢ7ን ያለ ጠባቂ ትቶታል። ያን ጊዜ ያቆየነው የሲ ወታደር ዋጋ ይታያል፦ ሲ4ን እንገፋለን፣ ንግሥቲቱ ወደ ቢ3 ትወጣለች፣ ዲ5ና ቢ7 በአንድ ጊዜ ይጠቃሉ። ሲ3ን ቀድመን ብንገፋ ኖሮ ይህ ጥቃት አንድ እርምጃ ይዘገይ ነበር። ጥቁሩ ጂ6 ካለ ደግሞ የዲ3 ቢሾፕ የሚያየው የተገነባ የወታደር ግድግዳ ስለሆነ የኮል ጥቃት ጥርስ ያጣል፤ ቢሾፑን ወደ ኤፍ4 ማውጣት ወይም በሲ4 መሃሉን ማስፋት ይሻላል። ጥቁሩ ሲ5ን ቶሎ ከገፋ ዲ4ን የሚደግፍ ወታደር፣ ሲ3 ወይም ኢ3፣ ያስፈልገናል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው እንደገና የሲ1 ቢሾፕ ነው።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ብቻ ለሚያስታውስ ሰው የምመክረው የጥቁሩን የሲ8 ቢሾፕ ማየት ነው። የተዘጋ ከሆነ በዝግታ እንሰለፋለን፤ ከወጣ ትቶት የሄደውን ቤት እናጠቃለን።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት እ.ኤ.አ. በ1930 በፈረንሳይ ኒስ ከተማ ኤድጋር ኮል ከአየርላንዳዊው ኦሃንሎን ጋር ያደረገውን ጨዋታ እናንሳ። ኮል በሕመም የተዳከመ ሰው ነበር፤ የሆድ ቁስለት ሲያሠቃየው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1932 በ34 ዓመቱ ሞተ። ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ ግን እጁ አይንቀጠቀጥም። ሰሌዳችሁን ዘርግታችሁ አብራችሁ ተራመዱ።

ኮል ዲ4፣ ኦሃንሎን ዲ5። የነጩ ፈረስ ወደ ኤፍ3፣ የጥቁሩ ወደ ኤፍ6። ነጩ ኢ3፣ ጥቁሩ ሲ5። ነጩ ሲ3፣ ጥቁሩ ኢ6። ሁለቱም ቢሾፖቻቸውን ያወጣሉ፤ የነጩ ወደ ዲ3፣ የጥቁሩ ወደ ዲ6። ሁለቱም ሁለተኛ ፈረሶቻቸውን ያወጣሉ፤ የነጩ ወደ ዲ2፣ የጥቁሩ ወደ ዲ7። ሁለቱም ንጉሦቻቸውን በአጭሩ በኩል ይሸሽጋሉ። በስምንተኛው እርምጃ የነጩ ሩክ ወደ ኢ1፣ የጥቁሩም ወደ ኢ8 ይመጣል። እስከዚህ ድረስ አንድም ጠጠር አልተበላም። ልክ እንደ ወረራ ሁለቱ ሠራዊቶች እየተያዩ ተሰልፈዋል፤ ልዩነቱ ኮል የተሰለፈው ለአንዲት እርምጃ መሆኑ ነው። የኢ1 ሩክ፣ የዲ3 ቢሾፕና የዲ2 ፈረስ ሁሉም ወደ ኢ4 ያያሉ።

በዘጠነኛው እርምጃ ኢ3 ላይ የቆየው ወታደር ወደ ኢ4 ይወጣል፤ በሩ ተከፈተ። ጥቁሩ ወታደሩን በወታደር በላ። ነጩ በፈረስ መልሶ በላ፣ ጥቁሩ ያንን ፈረስ በኤፍ6 ፈረሱ በላ፣ ነጩም በቢሾፑ መልሶ በላ። አሁን ቆም ብላችሁ ምን እንደተለወጠ ተመልከቱ። የጥቁሩ የኤፍ6 ፈረስ የለም፤ ኤች7ን ይጠብቅ የነበረው እሱ ነው፣ አሁን የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነው። ኦሃንሎን ይህን ሳይመዝን የዲ4ን ወታደር በሲ5 ወታደሩ በላ። ኮል በአሥራ ሁለተኛው እርምጃ ቢሾፑን ኤች7 ላይ ሰዋው።

ንጉሡ ቢሾፑን በላ። የነጩ ፈረስ ከኤፍ3 ወደ ጂ5 ዘሎ ንጉሡን አስፈራራ። በዚህ አንድ ዝላይ የንግሥቲቱ መንገድ ከዲ1 እስከ ኤች5 ተከፈተ፤ ቀደም ሲል ቢሾፑ ከኢ4 በመነሳቱ ደግሞ የኢ1 ሩክ ዓምዱን ሙሉ ያያል። ለአንድ ዓላማ የተሰለፈ ሠራዊት እንዲህ ነው፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ለሌላው ቦታ ይለቃል። ንጉሡ ወደ ጂ6 ወጣ። ኮል ኤች4ን ገፋ፤ ኦሃንሎን ሩኩን ከኢ8 ወደ ኤች8 ወሰደ፣ ኢ6ንም አዳከመ። ኮል ወዲያው ሩኩን ኢ6 ላይ ጣለው። ጥቁሩ ፈረሱን በኤፍ6 ላይ ጋረደ። ወታደሩ ኤች5 ላይ ንጉሡን ገፍቶ ወደ ኤች6 አስወጣው። ከዚያ ሩኩ ዲ6 ላይ ያለውን ቢሾፕ በላ።

ኦሃንሎን ሩኩን በንግሥቱ ለምን አልበላም? ቢበላው ኖሮ የጂ5 ፈረስ ኤፍ7ን በልቶ ንጉሡንም ንግሥቱንም ባንድ ጊዜ ይይዝ ነበር፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላ የሲ1 ቢሾፕ በተከፈተው መንገድ እስከ ኤች6 አይቶ ንጉሡን ያስፈራራል። በሁለት ጠጠር የተያዘ ንጉሥ መሸሽ እንጂ መከላከል አይችልም። ኦሃንሎን ንግሥቱን ወደ ኤ5 አሸሸ፤ ፈረሱ ኤፍ7ን ሲበላ ያው የሁለት ጠጠር ጥቃት መጣ። ንጉሡ ወደ ኤች7 ሸሸ፣ ፈረሱ ወደ ጂ5 ተመለሰ፣ ንጉሡ ወደ ጂ8 ገባ። በሃያኛው እርምጃ የነጩ ንግሥት ወደ ቢ3 ወጥታ አስፈራራች፣ ኦሃንሎንም እጁን ሰጠ። በጨዋታው ሁሉ የሲ1 ቢሾፕ አንድ ቤት እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ኢ3 ሲገፋ የተዘጋበት ይኸው ቢሾፕ ኢ4 ሲገፋ ከተቀመጠበት ሆኖ ጨዋታውን ወሰነ።

ቢሾፑ ከበሩ ውጭ ሲሆን ምን እንደሚሠራ ደግሞ ቶሬ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1925 በሞስኮ ውድድር ገና ወጣት ሳለ ለ27 ዓመታት የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ኢማኑኤል ላስከርን ገጠመ። በመጀመሪያ ዲ4፣ ከዚያ ፈረስ ወደ ኤፍ3፣ በሦስተኛው ቢሾፕ ወደ ጂ5። በ25ኛው እርምጃ ቢሾፑን ወደ ኤፍ6 አስገብቶ ንግሥቱን አሳልፎ ሰጠ። ከዚያ ሩኩ ጂ7 ላይ ሆኖ ንጉሡን ያስፈራራል፣ ወደ ጎን ሄዶ አንድ ጠጠር ይበላል፣ ከኋላው የተገለጠው ቢሾፕ ንጉሡን ያስፈራራል፣ ሩኩ ተመልሶ እንደገና ያስፈራራል። ላስከር ንጉሡን ወደ ጥግና ከጥግ ከማመላለስ በቀር ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም፤ ቶሬ በመጨረሻ የሰጠውን ንግሥት በንግሥት አስመለሰ።

እነዚህ መክፈቻዎች ለታላላቆች አይመጥኑም የሚሉ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ትክክል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአስታና በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ዲንግ ሊረን ከኔፖምኒያሺ ጋር አሥራ አራት ጨዋታ ተጫውቶ ሦስቱን አሸነፈ። ከሦስቱ ሁለቱ የተገኙት ከዚህ ቤተሰብ ነው፦ በስድስተኛው ጨዋታ ቢሾፑን ወደ ኤፍ4 አውጥቶ በለንደን አሰላለፍ፣ በአሥራ ሁለተኛው ኢ3ን ቀድሞ በኮል አሰላለፍ። ውጤቱ ሰባት ለሰባት እኩል ሆኖ በፈጣን ጨዋታ መለያ ዲንግ ዋንጫውን ወሰደ። በአንድ ሻምፒዮና አንዴ ቢሾፑን ከበር አውጥቶ፣ አንዴ ከበር ውስጥ አቆይቶ አሸንፏል፤ ለዚህ ምዕራፍ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያሻም።

ትክክለኛው ነቀፌታ ሌላ ቦታ ነው። ይህን መክፈቻ የሚያበላሸው፣ ባላጋራው ምንም ቢያደርግ ሳያይ ስምንት እርምጃ በቃል የሚያወርድ ተጫዋች ነው። ቢሾፕ ወደ ኤፍ4፣ ኢ3፣ ሲ3፣ ኤች3፣ ሁሌም በዚያው ቅደም ተከተል። እንዲህ ሲደረግ ተጣጣፊነቱ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጥቁሩ በቀላሉ የሚያውቀው አጥር ነው። ለሰነፍ ተጫዋች የተመቸ መክፈቻ ነው የሚባለውም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። በእውነቱ ግን ያነሰ ሽምደዳ፣ የበለጠ ማየት ይጠይቃል።

አርሲ ላይ ላደገ ሰው ይህ ዓይነቱ ትዕግሥት እንግዳ አይደለም። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ውድድሩ ገና ሳያልቅ ፍጥነቱን ስትይዝ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ አልቀደመቻትም፣ አልራቀችምም። ዙር በዙር ከኋላዋ ተከተለቻት። ፊት ሁኚ የሚል ግብዣ ቢመስልም አልተቀበለችም፤ የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ግን ተፈትልካ ወጥታ በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ አሸነፈች። በዚያ ሩጫ ላይ ደራርቱ ዝም ብላ አልተከተለችም፤ እየተከተለች ትመለከት ነበር፣ ጉልበቷንም ለምትመርጠው ቅጽበት አቆይታ ነበር። በዲ4 እና በኤፍ3 ፈረስ የሚጀምር ተጫዋች የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ይህን መክፈቻ ለአሰላና ለአካባቢዋ ወጣቶች የማስቀድመው ግን ከሩጫው ይልቅ በኑሮ ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለ ከተማ ውስጥ የሚኖር ተማሪ አሠልጣኝም ሆነ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተጻፈ የቼዝ መጽሐፍ እንደ ልብ አያገኝም። ከኢ4 የሚጀምሩ ስል መክፈቻዎች በቅርብ የሚከታተል አስተማሪ ይፈልጋሉ፤ በአምስተኛው እርምጃ ላይ አንድ መስመር የረሳ ተጫዋች በአሥረኛው ይሸነፋል። በዲ4 የጀመረ ግን ቢሳሳትም ንጉሡ ተሸሽጎ፣ መሃሉ ተይዞ፣ ለማሰብ ጊዜ ኖሮት ይሳሳታል። ያ ጊዜ ራሱ አስተማሪ ነው።

ለመለማመድ ብዙ አያስፈልግም። ስልክ ያለው ሰው ሊቼስ በሚባለው ነፃ መተግበሪያ ከየትም አገር ተጋጣሚ ያገኛል፤ የሦስት ደቂቃውን ትቶ የአሥራ አምስት ደቂቃውን ይምረጥ። ከነጩ በኩል ሲደርሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች ብቻ አስቀድሞ ይወስን፤ ሦስተኛውን ከማድረጉ በፊት የጥቁሩን የሲ8 ቢሾፕ፣ የኢ ወታደርና የጂ ወታደር ይመልከት። ጨዋታው ሲያልቅ፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ የሲ1 ቢሾፑ መቼ እንደወጣና ምን እንደሠራ በደብተር ይጻፍ። ስልክ የሌለው ደግሞ የኮልን ሃያ እርምጃዎች በሰሌዳ ላይ ደጋግሞ ይጫወት፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ቆሞ የትኛው ጠጠር ለየትኛው መንገድ እንደለቀቀ ይጠይቅ።

በአሰላ፣ በኢተያ፣ በሳጉሬና በበቆጂ ለምታስተምሩ መምህራን፣ እንዲሁም በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለምታሰባስቡ፣ አንድ ልመና አለኝ። ቼዝን ስታስተምሩ ከወረራ ጀምሩ። ሁለት ተማሪ ፊት ለፊት አስቀምጡና የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ያለ ተራ እንዲሰለፉ ፍቀዱላቸው፤ እጃቸው በራሳቸው ሠራዊት ላይ፣ ዓይናቸው በባላጋራቸው ላይ ይሁን። ይህን የለመደ ልጅ ዲ4ን ስታሳዩት ምክንያቱን ፈልጎ አይቸገርም። አያቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥም በመጽሔት ገጽ ላይ ብቻ እንዳይቀር ያደርጋልና፣ ከሚቀጥለው የትምህርት ሳምንት ጀምሮ ሞክሩት።